የብረቱ ክብደትና የተጫዋቹ ድርሻ፦ ሚዛን በግዙፍ ሮቦቶች ጦርነት የቡድን ጨዋታ

ባትልቴክ በተባለው የአሜሪካ ጨዋታ ውስጥ «አትላስ» የሚሉት ሮቦት 100 ቶን ይመዝናል፤ «ሎከስት» 20 ቶን። የአትላስ የብረት ልባስ 304 ነጥብ ሲሆን የሎከስት 64 ብቻ ነው። አትላስ የተሸከመው ትልቁ መድፍ አንዴ ከመታ 20 ነጥብ ይቀንሳል። የሎከስት የደረት ልባስ ፊት ለፊት 10፣ ከልባሱ ሥር ያለው አጽም 6 ነጥብ ነው፤ ስለዚህ ጥይቱ ደረት ላይ ካረፈ ነገሩ በአንድ ተኩስ ያልቃል። ይህን ብቻ ያየ አንባቢ ሁለቱን አንድ ሜዳ ላይ ማሰለፍ ግፍ ነው ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ሕጉ ፍጥነትንም ይቆጥራል። ሜዳው ባለ ስድስት ማዕዘን ቤቶች የተከፋፈለ ነው፤ ሎከስት ሮጦ 10 ቤት ካቋረጠ እሱን ለመምታት የሚያስፈልገው ቁጥር በ4 ከፍ ይላል። መደበኛ ችሎታ ያለው የአትላስ ነጂ እየተራመደ፣ ከመድፉ መካከለኛ ርቀት ላይ ቢተኩስ፣ በሁለት ዳይስ 11 ወይም 12 መጣል አለበት። ይህ ከ36 ዕድል ሦስቱ ነው። ሎከስት ቆሞ ቢያገኘው ኖሮ 7 ይበቃው ነበር፤ ከ36ቱ 21 ዕድል ማለት ነው።

ስሌቱ ያምራል። ትንሹና ፈጣኑ ከግዙፉና ከዘገምተኛው ጋር በአንድ ሜዳ የሚውልበት መንገድ ተገኝቷል። አሁን ግን ሁለቱን ማሽኖች ጠላት ማድረጉን እንተውና በአንድ ወገን እናሰልፋቸው። አራት ጓደኛሞች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፤ ለአንዷ አትላስ ደረሳት፣ ለሌላው ሎከስት። ከጠላት አንጻር የቡድኑ ጠቅላላ ነጥብ ልክ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ግን አትላሷ ስትተኩስ፣ ሎከስቱ እንዳይመታ ሲሮጥ ያመሻል። ሁለቱም ከሞት ተርፈዋል፤ ጦርነቱን የተዋጋችው ግን አንዷ ናት።

በተቃዋሚዎች መካከል ያለ ሚዛንና በባልደረቦች መካከል ያለ ሚዛን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለቡድን የሚታቀዱ የሮቦት ጦርነት ጨዋታዎች የሚሰናከሉትም የመጀመሪያውን እየሠሩ ሁለተኛውን የሠሩ ስለሚመስላቸው ነው። በእኔ ግምት የባልደረቦች ሚዛን የሚለካው አንዱ ተጫዋች የሌላውን ውሳኔ ምን ያህል ይፈልጋል በሚለው ነው። ይህን መፈላለግ ደግሞ የነጥብ ሠንጠረዥ ከሚያመጣው ይልቅ የጨዋታው ዓለም ሕግ ቢያመጣው ይጸናል።

ግራ መጋባቱ ከዘር ሐረግ የመጣ ነው። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትበት የሚና ጨዋታ የተወለደው ከጦርነት ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1824 የፕሩሲያው መኮንን ጌኦርግ ሃይንሪሽ ፎን ራይስቪትስ አባቱ የጀመሩትን የጦር ሜዳ ጨዋታ አሻሽሎ ለሠራዊቱ አቀረበ፤ በካርታ ላይ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ጦሮች፣ ዳይስ፣ የጉዳት ሠንጠረዥ፣ ከመካከል የሚዳኝ መኮንን። ደንቡ እየበዛ ዳኛውን ሲያስረው፣ በ1876 ቬርዲ ዱ ቬርኗ የተባለው ሌላ መኮንን ሠንጠረዡን ወደ ጎን ትቶ ዳኛው በልምዱ እንዲፈርድ አደረገ። ከዚህ የጦርነት ጨዋታ ልማድ ነው በ1969 የዴቪድ ዌዝሊ «ብራውንስታይን»፣ በ1974 ደግሞ የጋሪ ጋይጋክስና የዴቭ አርነሰን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የመጡት። በእነዚህ ጨዋታዎች ተጫዋቾቹ ከካርታው ግራና ቀኝ መሰለፋቸውን ትተው ጎን ለጎን ቆሙ። የሚዛን ስሌቱ ግን እንደ ድሮው ከግራ ወደ ቀኝ መለካቱን ቀጠለ።

የሮቦት ጦርነት ደግሞ የራሱን ሸክም ጨመረበት። በጃፓን ሚትሱቴሩ ዮኮያማ በ1956 የጀመሩት «ቴትሱጂን 28» አንድ ልጅ በርቀት የሚያዘው ሮቦት ነበር፤ በ1972 የጎ ናጋይ «ማዚንገር ዜድ» ነጂውን ሮቦቱ ውስጥ አስገባው። ከዚያ በኋላ ማሽኑና ጀግናው አንድ አካል ሆኑ። የዘርፉን ወጪ የሸፈነውም በአብዛኛው የመጫወቻ ንግድ ነው። በ1979 «ሞባይል ሱት ጋንዳም» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ ስፖንሰር ያደረገው ክሎቨር የመጫወቻ ኩባንያ ነበር፤ በ1980 ባንዳይ የፕላስቲክ ሞዴሎቹን መሸጥ ጀመረ። ሕፃኑም ጎልማሳውም ዓለሙን የሚያውቀው በማሽኑ በኩል ስለሆነ፣ ጨዋታ ሊያቅድ የተነሳ ሰውም መጀመሪያ የሚጽፈው የማሽን ዝርዝር ነው፤ ቁመት፣ ክብደት፣ መሣሪያ፣ ፍጥነት። ሰዎቹ ከዝርዝሩ በኋላ ይመጣሉ፤ አንዳንዴም ጨርሰው አይመጡም።

ዮሺዩኪ ቶሚኖ የመሩትን ያንኑ የ1979 «ጋንዳም» እንደ ቡድን ጨዋታ ዕቅድ ብናነበው ጥሩ ፈተና ይሆነናል። «ኋይት ቤዝ» በተባለችው መርከብ ላይ ሦስት ዓይነት ማሽኖች አሉ፦ በቅርብ የሚዋጋው ጋንዳም፣ ከመካከለኛ ርቀት የሚተኩሰው ጋንካነን፣ ከሩቅ የሚደበድበው ጋንታንክ። በወረቀት ላይ ከዚህ የተሻለ የሥራ ክፍፍል የለም፤ ማንም ጨዋታ መሪ (ውጊያውን የሚያዘጋጅና የሚዳኝ ሰው) ዛሬ ቢነድፈው ያመሰግኑታል። ይሁንና ገና በመጀመሪያው ክፍል ዛኩ የተባለው የጠላት ማሽን የሚያርከፈክፈው ጥይት ጋንዳምን አይበሳውም። የጋንዳም ነጂ አሙሮ ሬይ ልምድ የሌለው ልጅ ሆኖ ሳለ ልባሱ ብቻውን ያሸንፍለታል። በጋንካነን ያለው ካይ ሺደን፣ በጋንታንክ ያሉት ሃያቶ ኮባያሺና ርዩ ሆሴ ለተመልካቹ ተወዳጅ ናቸው፤ ለተጫዋች ግን የሌላ ሰው ታሪክ አጃቢዎች ናቸው። የቴሌቪዥን ተከታታይ አንድ ባለ ዕድል ጀግና ይበቃዋል። አምስት ሰው ጊዜውን ሰውቶ የመጣበት ጠረጴዛ ግን ባለ ዕድሉን አይሸከምም፤ አንዱ አሙሮን ከያዘ የቀሩት አራቱ ተመልካች ሆነዋል ማለት ነው።

እዚያው ፊልም ውስጥ ግን መድኃኒቱም አለ። በጋንዳም ዓለም የሚኖቭስኪ ቅንጣት የሚባል ነገር በሰማዩ ላይ ሲበተን ራዳር ይታወራል፤ የሚመሩ ሚሳይሎች መንገዳቸውን ይስታሉ፤ ተዋጊ ከተዋጊ የሚገናኘው በዓይን ከተያየ በኋላ ነው። ፈጣሪዎቹ ይህን ያመጡት በሚሳይል ዘመን ሰይፍ የያዘ የብረት ሰው ለምን ያስፈልጋል ለሚለው መልስ ለመስጠት ነበር። ለጨዋታ አቃጁ ግን ከዚያ የላቀ ነገር ይሰጠዋል። ራዳር በሌለበት ዓለም ማየት ራሱ ሥራ ይሆናል። የሚያይ ሰው ያስፈልጋል፤ ያየውን የሚያደርስ ያስፈልጋል፤ የደረሰውን የሚያምን ያስፈልጋል። ማንም ለማንም ነጥብ አላካፈለም፤ ሰማዩ ራሱ ሰዎቹን እርስ በርስ አስተሳሰራቸው።

ባትልቴክ ይህን ትምህርት በአስቸጋሪ መንገድ ነው የተማረው። ጨዋታው በ1984 በቺካጎው ፋሳ ኩባንያ «ባትልድሮይድስ» ተብሎ ወጣ፤ ድሮይድ የሚለው ስም የእኛ ነው ብለው የስታር ዋርስ ባለቤቶች ስለተከራከሩ በማግስቱ ዓመት ስሙ ተለወጠ። የመጀመሪያው ዓለም በጣም የተመዘነ ነበር። ሁሉም ወገን በጦርነት ደቅቆ አንድ ዓይነት ያረጀ መሣሪያ ይዟል። መሣሪያው ሁሉ ሲተኮስ ይግላል፤ ለምሳሌ የቅንጣት መድፉ 10 ነጥብ ያቆስላል፣ 10 ነጥብ ሙቀትም ያመጣል። ብዙ የታጠቀ ማሽን ሁሉንም በአንዴ ከተኮሰ በራሱ ግለት ይፈዛል። ግለት ስስታሙን የሚቀጣ የዓለም ሕግ ነው፤ ይህን ያህል የሚያምር የሚዛን መሣሪያ በዘርፉ ውስጥ አላውቅም።

በ1990 በወጣ አንድ የማሽኖች መዝገብ ክላኖች መጡ። ከሩቅ ጠፈር የተመለሱ ወራሪዎች ናቸው፤ የቅንጣት መድፋቸው 15 ነጥብ ያቆስላል፣ ከተለመደው በአንድ ቶን ይቀላል፣ 18 ቤት ይደርስ የነበረው ርቀት ወደ 23 ረዘመ። በልብ ወለዱ ውስጥ ይህ የሚካካስበት ልማድ ተጽፎላቸዋል፦ የክላን አዛዥ ከውጊያ በፊት በጨረታ ጦሩን ይቀንሳል፤ በጥቂት ማሽን ማሸነፍ ክብር ነው። ሲዋጉም አንድ ለአንድ ነው፤ በሌላው ጠላት ላይ መተኮስ ነውር ነው። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ሚዛኑ በባህል ተደብቋል። ጠረጴዛ ላይ ግን ብዙዎች የክላኑን መድፍ ወሰዱ፣ የክላኑን ጨዋነት ተዉ። ነውርን የሚፈራ ገጸ ባሕርይ ሳይፈጥሩ በነውር በሚገታ ማሽን ላይ ተቀመጡ። ለየማሽኑ ዋጋ የሚተምነው «የውጊያ ዋጋ» የተባለው ስሌት በኋላ የመጣው ይህ ክፍተት ከተፈጠረ ወዲያ ነው። ስሌቱን አልነቅፍም፤ ለተቃዋሚዎች ውድድር ግሩም ነው። ለሚና ጨዋታ ቡድን ግን የሚያሳየው ልማዱ የት ላይ እንደተበጠሰ ነው። አቃጁ ልማድን የሚዛን መሣሪያ ሊያደርግ ከፈለገ፣ ልማዱን የጣሰ ገጸ ባሕርይ ምን እንደሚያጣ አስቀድሞ መጻፍ አለበት፤ ማዕረጉን? የጓዶቹን ምስክርነት? ማሽኑን የሚጠግንለትን ሰው?

በ2019 ቶም ፓርኪንሰን-ሞርጋንና ሚጌል ሎፔዝ ያዘጋጁት «ላንሰር» ሌላ መንገድ ሄዷል። ሁሉም ተጫዋች ጨዋታውን የሚጀምረው «ኤቨረስት» በሚባል አንድ ዓይነት ማሽን ነው። ከዚያ በኋላ ፈቃድ እያገኘ እስከ 12ኛ ደረጃ ይወጣል፤ አንዱ አጥቂ፣ አንዱ ተከላካይ፣ ሌላው ደጋፊ፣ ሌላው የጠላትን እንቅስቃሴ የሚያውክ፣ ሌላው ከሩቅ የሚመታ ይሆናል። ልዩነቱ ከጋራ መነሻ ስለሚበቅል ቅናት አይፈጥርም፤ ባልደረባህ ምን ትቶ ምን እንደመረጠ ዓይንህ እያየ ነውና። ተራውም አንድ የቡድኑ አባል፣ ቀጥሎ አንድ ጠላት እያለ ስለሚፈራረቅ ከቡድኑ ማን እንደሚቀድም የሚወስኑት ተጫዋቾቹ ተመካክረው ነው። ምክክሩ ራሱ ጨዋታ ነው። ድክመቱ ከማሽኑ ሲወረድ ይታያል፤ የውጊያው ሕግ በጥንቃቄ ተደራጅቶ ሳለ ከውጊያ ውጭ ያለው ሕይወት በጥቂት ገጾች ታልፏል። የኦስቲን ራምሴ «ቢም ሴበር» በተቃራኒው ከሰዎቹ ትስስር ይነሳል፤ ጓዱ፣ ማለትም ቡድኑ ራሱ፣ እንደ አንድ ገጸ ባሕርይ የራሱ ገጽ አለው፣ ጦርነቱም በእነዚህ ጥቂት ሰዎች ጉብዝና የሚያልቅ አይደለም። ሁለቱን አጣምሮ ማቀድ የሚቻል ይመስለኛል፤ ለውጊያው የላንሰርን የጋራ መነሻ፣ ለቀረው የቢም ሴበርን የጓድ ገጽ።

ወደ ሎከስቱ ልመለስ፤ የሚሮጠው ሰውዬ መፍትሔው እዚያው ሕግ ውስጥ ተቀምጦለታልና። አትላስ ከመድፉ ሌላ 20 የረጅም ርቀት ሚሳይሎችን በአንዴ የሚተኩስ ማስወንጨፊያ አለው። እነዚህ ሚሳይሎች ከኮረብታ ጀርባ ወደማይታይ ዒላማ ሊተኮሱ ይችላሉ፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፣ ከወገን አንዱ ዒላማውን ማየት አለበት። ስለዚህ ጨዋታ መሪው ሜዳውን ሲያዘጋጅ ጠላትን ከኮረብታ ጀርባ ያስቀምጥ። አትላሷ የምትመታው ሎከስቱ ከቆመበት ቦታ ሆኖ ካሳያት ብቻ ይሆናል፤ ሎከስቱም ለማየት በተጠጋ ቁጥር ከላይ ባየነው ስሌት ነፍሱን ያስይዛል። ሲሮጥ ይተርፋል፣ ነገር ግን ከሮጠ ለሚሳይሉ የሚያስፈልገው ቁጥርም ከፍ ይላል፤ የአመልካቹ እንቅስቃሴ በተኳሹ ላይ ይደመራልና። ቆሞ ያሳይ ወይስ ይሩጥ? ይህ የእሱ ውሳኔ ነው፤ ውጤቱ ግን እሷ እጅ ላይ ነው የሚታየው። የማሽኖቹ ክብደት አንድ ኪሎ አልተቀየረም፤ የተቀየረው ካርታው ነው።

ከክብደት በላይ የሚከፋፍለን ጊዜ ነው። አምስት ተጫዋቾችና አንድ ጨዋታ መሪ አሉ እንበል፤ ለእያንዳንዱ ተራ አራት ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ፣ አንድ ዙር 24 ደቂቃ ነው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ቢዋጉ ሰባት ዙር ተኩል ይሆናል። ብዙ መሣሪያ የታጠቀ ማሽን አምስት ጊዜ ዳይስ ሲጥል፣ አንድ ሌዘር ያለው አንዴ ጥሎ ይቀመጣል። እዚህ ላይ ሚዛኑን የሚያዛባው ጉዳቱ ሳይሆን ጠረጴዛው የማን ድምፅ እንደሚሰማበት ነው። ስለዚህ ዕቅዱ ሲነደፍ ከየማሽኑ ፊት የዳይሱን ብዛት መጻፍ የጉዳት ነጥቡን ከመጻፍ ይቀድማል። በጽሑፍ ለሚጫወቱ ቡድኖችም ያው ነው፤ ሦስት ገጽ የሚጽፍና ሦስት መስመር የሚጽፍ ሰው አንድ ውጊያ ውስጥ ሲገቡ፣ ማሽናቸው አንድ ዓይነት ቢሆንም ረጅሙ አጭሩን ይውጠዋል።

ከጊዜም ይልቅ የተሰወረው አድልዎ ዕውቀት ነው። ጋንዳም ከአርባ ዓመት በላይ የተከማቸ የራሱ ታሪክ አለው፤ ባትልቴክም እንደዚሁ ክፍለ ዘመናት የሚቆጥር የጦርነት ታሪክ ሠርቷል። በቡድኑ ውስጥ ይህን በቃሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ካለ፣ ጨዋታ መሪው ማንም ይሁን፣ ዓለሙን የሚመራው እሱ ነው። አዲሷ ተጫዋች አፏን በከፈተች ቁጥር «በዚያ ዓመት ያ ማሽን ገና አልተሠራም» የምትባል ከሆነ፣ የሰጧት ማሽን ምንም ቢሆን አልተመዘነችም። የቤን ሮቢንስ «ማይክሮስኮፕ» (2011) እዚህ ላይ ይጠቅማል። በዚያ ጨዋታ ተጫዋቾች ተራ በተራ የአንድን ዘመን ታሪክ ይገነባሉ፤ ባለ ተራው ሲያስብ ሌላው ሐሳብ እንዳያቀብለው ደንቡ ይከለክላል። ከዋናው ጨዋታ በፊት አንድ ምሽት ለዚህ ተሰጥቶ ቡድኑ የራሱን ትንሽ ጦርነት ቢፈጥር፣ ጦርነቱ ለምን እንደተነሳ፣ የመጀመሪያው ማሽን የት እንደተሠራ፣ የትኛው ከተማ እንደጠፋ ሁሉም እኩል ያውቃል። ሊቁም ጀማሪውም የሚጠቅሰው አንድ መጽሐፍ ይሆናል፤ እሱንም አብረው ጽፈውታል።

ማዕረግ ሌላው እሾህ ነው። ጦርነት ያለ አዛዥ አይሆንም፤ ኋይት ቤዝን የያዘው ብራይት ኖዋ እንኳ በ19 ዓመቱ አዛዥ የሆነው ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው። አንድ ተጫዋች ሻለቃ ሆኖ ጓደኞቹን ሲያዝ ግን ገጸ ባሕርያቱ መታዘዛቸው ልክ ሆኖ ሳለ ተጫዋቾቹ ይከፋቸዋል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ የምንለው ጨዋታው ማዕረግን ለጊዜው ስለሚያነሳ ነው፤ የጦርነት ሚና ጨዋታ ግን ማዕረጉን ራሱን የጨዋታው አካል አድርጎ ያመጣዋል፤ ስለዚህ ያ ይቅርታ ራሱን ችሎ አይመጣም፣ መታቀድ አለበት። አዛዡን ጨዋታ መሪው ይያዘው የሚለው ቀላሉ መንገድ ነው፣ ደረቅም ነው። የተሻለው አዛዡ ዓላማውን ብቻ እንዲያውቅ፣ ሜዳውን የሚያውቁት ግን ሌሎቹ እንዲሆኑ ማድረግ ነው፤ ራዳር በታወረበት ሰማይ ይህ በተፈጥሮ ይመጣል። ትእዛዙ ያን ጊዜ ጥያቄን ይመስላል። 

ኪሳራም ይታሰብ። በባትልቴክ የቀድሞው ዓለም ፋብሪካዎች ወድመዋል፤ ማሽን ከአባት ወደ ልጅ የሚወረስ ሀብት ነው፤ ማሽኑን ያጣ ነጂ መደቡንም ያጣል። ለልብ ወለድ ይህ ድንቅ ሐዘን ነው። ለጨዋታ ግን የዓለሙ ሕግ በሚዛኑ ላይ የዘመተበት ምሳሌ ነው፤ ትናንት ባልደረቦቹን አድኖ ማሽኑን ያጣ ተጫዋች ዛሬ እግረኛ ሆኖ ይመጣል፣ ድፍረቱ ተቀጣ፣ ቀጣዩም ሰው መድፈር ይተዋል። በላንሰር ማሽን የሚታተም ነገር ነው፤ ከተልእኮ በኋላ የተሰባበረው በአዲስ ይተካል። ኪሳራን ጨርሶ ማጥፋት ጦርነቱን ቀልድ ያደርገዋል። ዕዳው ግን በጓዱ ገጽ ላይ ሊጻፍ ይችላል፤ አንድ ማሽን ሲጠፋ የሁሉም የመለዋወጫ ክምችት ይቀንስ፣ ሁሉም ትንሽ ይቁሰል።

ማንኛውንም ዕቅድ ለመፈተን የምመርጠው ተጫዋች ሮቦት የማይፈልገው ነው። በየቡድኑ አንድ አይጠፋም፤ መካኒክ፣ ሐኪም ወይም ሰላይ መሆን የሚፈልግ። የማሽን ዝርዝር ብቻ ያለው ዕቅድ ለዚህ ሰው በውጊያ ሰዓት ሻይ ከማፍላት ሌላ የሚሰጠው የለውም። ኋይት ቤዝ ላይ መሪውን የያዘችው ሚራይ ያሺማ ሮቦት ነጂ አይደለችም፤ መርከቧ ግን በእሷ እጅ ናት። እሷን የሚጫወት ሰው በየዙሩ መርከቧን ወደ የትኛው አቅጣጫ እንደሚያዞር፣ ማሽኖቹ ከየትኛው በር እንደሚወጡ፣ ጥይት የጨረሰው ለመመለስ ስንት ዙር እንደሚያስፈልገው የሚወስን ከሆነ አትላሷም ሎከስቱም ከመንቀሳቀሳቸው በፊት ወደ እሱ ዞረው ይጠይቃሉ። ካልጠየቁ ካርታው እንደገና ይሳል፤ መርከቧ ከኮረብታው ርቃ ቆማለች ማለት ነው።